መኪናን በጣርማ በር መመዘን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። ቡናው እስኪፈላ ስልኩን ከፈተና የአራት መኪና ፎቶ አሳየኝ። አንዱ ቢኤምደብሊው 320አይ፣ ሁለተኛው መርሴዲስ ሲ 200፣ ሦስተኛው ሌክሰስ አይኤስ 250፣ አራተኛው በኤሌክትሪክ የሚሄደው የቻይናው ቢዋይዲ «ሲል» ነው። «ጋሼ፣ ገንዘቡን አሟልቻለሁ፤ የትኛውን ልውሰድ?» አለኝ። በየፎቶው ሥር የፈረስ ጉልበቱን፣ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስበትን ሴኮንድ፣ የመቀመጫውን ቆዳ ሳይቀር መዝግቧል። በትጋት የተሠራ ዝርዝር ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ የወረደው ቁልቁለት የለበትም።

ያን ቀን በቃል ያስረዳሁትን ነው እዚህ በሰፊው የምጽፈው። የሚጠቅመውም ለእሱ ብቻ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ እነዚህ መኪኖች ምን እንደሆኑ እንወቅ። አራት በር ያላቸው፣ በጣም ያልገዘፉ፣ ለሾፌሩ ደስታ ተብለው የተሠሩ፣ ስፖርት ሴዳን የሚባሉ የቤት መኪኖች ናቸው። ቢኤምደብሊው ባለ 3 ቁጥሩን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መርሴዲስ በ1982 «190» የሚባለውን አወጣ፤ እሱም በ1993 ሲ ክላስ ሆነ። አውዲ ኤ4 በ1994 ተከተለ፤ የጃፓኑ ሌክሰስ አይኤስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ጀርመኖቹ ሲነደፉ የታሰበላቸው መንገድ ሰፊና ለስላሳው የጀርመን አውራ ጎዳና ነው። በማስታወቂያ ወረቀታቸው ላይ የምናነበው ጉልበትም የሚሰላው ለባሕር ወለል አየር ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የሌላ አገር አየር ቁጥር ነው።

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አስፋልት ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ደጋው ያበቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ ውስጥ ገብተህ በወዲያኛው አፍ ስትወጣ፣ ጉም ካልሸፈነው በቀር፣ የይፋት ቆላ እግርህ ሥር ተዘርግቶ ታየዋለህ። ዋሻው አካባቢ ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ነው። በመካከሉ ደብረ ሲናና አርማኒያ አሉ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,900 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፤ ጠዋት ላይ ጋቢ ደርበህ ከዋሻው የወጣህ ሰው ሮቢት ስትደርስ ጥላ ትፈልጋለህ። ለመኪና ከዚህ የተሻለ ፈተና እኔ አላውቅም።

ከትንፋሹ ልጀምር። ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየሩን በራሱ ጉልበት ብቻ የሚስብ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። አዲስ አበባ ላይ ገና ምንም ሳይወጣ ከአምስት አንዱን አጥቷል፤ ጣርማ በር ላይ ሲሶ ሊያጣ ምንም አይቀረው። ሌክሰስ አይኤስ 250 ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር የሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር አለው። ወረቀቱ ላይ ወደ 205 የፈረስ ጉልበት ይነበባል፤ ዋሻው አፍ ላይ ግን የሚቀረው ወደ 140 ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ከተርቦው አቅም እስካላለፈ ድረስ፣ አብዛኛውን ኪሳራ ያካክሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 184 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ባለ 2 ሊትሩ 320አይ ከደብረ ሲና ወደ ላይ ሲወጣ ያንን ሌክሰስ ይቀድመዋል። የእህቴ ልጅ ዝርዝር ላይ ግን ሌክሰሱ በፈረስ ጉልበት ከሁለቱ ጀርመኖች በላይ ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና ጉልበት ደግሞ ከአየር ጋር ጉዳይ የለውም፤ ባሕር ዳርቻም ሆነ ጣርማ በር ያው ነው።

ይህን ስል ሌክሰሱን ማጣጣሌ አይደለም። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚበላሽ ነገሩ ያነሰ ነው፤ እኔ ለከተማ ብቻ የሚሆን መኪና ብፈልግ ምናልባት እሱን እወስዳለሁ። ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያጥር አውቆ መግዛት ግን የገዢው ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ብዙ ሰው መኪና ሲያወዳድር ስንት ሴኮንድ ውስጥ እንደሚፈተለክ ይጠይቃል፤ እንዴት እንደሚቆም የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከዓመታት በፊት የወዳጄን መኪና ተውሼ ከጣርማ በር እየወረድኩ ነበር። ማርሹን ከፍ አድርጌ፣ ፍሬኑን በየመታጠፊያው ረገጥ ለቀቅ እያደረግሁ ነበር የምነዳው። ደብረ ሲና ሊታየኝ ሲል የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰና እግሬን ይዞት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ጥዬ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ ብዬ እየሳብኩ፣ በተራራው በኩል ካለው የውሃ ቦይ ጠርዝ ጋር አስጠግቼ አቆምኩት። ከመኪናው ወርጄ ቆሜ ጉልበቴ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሆነውን ላስረዳ፤ መኪና የምንመርጥበት መሠረት እዚህ ላይ ነውና። ከነተሳፋሪው 1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,900 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስቱን ሞልተህ፣ ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ እሳት ማለት ነው። ያ ኃይል የትም አይጠፋም። የተወሰነውን ንፋስና ጎማ ይበሉታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። ማርሽህን ከፍ አድርገህ ከወረድክ ሸክሙን በሙሉ ለአራቱ ዲስኮች ሰጠሃቸው ማለት ነው።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ምልክታቸውም ይለያያል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ መኪናው ግን አልቆም ካለህ፣ ሸራው ከልክ በላይ ግሎ መያዝ አቅቶታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 4» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መፍያ 155 ዲግሪ ነው። ልዩነቱን ተመልከቱት። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ያ የተዋስኩት መኪና ዘይቱ ከተቀየረ ስንት ዘመን እንደሆነው ባለቤቱም አያውቅም ነበር።

ስፖርት ሴዳን ለሚለው ስም የሚከፈለው ገንዘብ በትክክል የሚክሰው እዚህ ላይ ነው። ትልቅና ወፍራም፣ በመካከሉ ንፋስ የሚያልፍበት ዲስክ ብዙ ሙቀት ይይዛል፤ ቶሎም ይበርዳል። ስለዚህ ሁለት ቢኤምደብሊው ወይም ሁለት መርሴዲስ ስታወዳድር የፍሬኑን ዓይነት ጠይቅ። አንዱ ሞዴል ላይ ተራ ፍሬንም ትልቅ ፍሬንም ሊገጠም ይችላል። ቀይ ወይም ሰማያዊ የተቀባውን የብረት መያዣ አይተህ አትርካ፤ የዲስኩን ስፋትና ውፍረት ለካ።

ቀጥሎ ካምቢዮውን እይ። ቢኤምደብሊው ላይ ያለው ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ፣ መርሴዲስ ላይ ያለው ባለ ዘጠኝ፣ ሁለቱም በእጅ መቀነስ ይፈቅዳሉ። ጥያቄው ስትቀንስ ምን ያህል ይታዘዛል፣ ቀንሶስ ይይዘዋል ወይስ ራሱ መልሶ ይጨምራል የሚለው ነው። አንዳንዱ መኪና ነዳጅ ቆጣቢው አነዳድ ላይ ሲደረግ፣ እግርህን ስታነሳ ሞተሩን ከጎማው አላቆ በነፃ ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ ይዞ እንዲወርድ ነው የምንፈልገው። የድሮ ሾፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ይሉ ነበር። ስምንት ማርሽ ላለው መኪናም ይሠራል።

የኤሌክትሪኩ መኪና ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ቢዋይዲው ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ነው። አራት ሰው ሲጫንበት 2,350 ኪሎ ይደርሳል፤ ከዋሻው እስከ ሮቢት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ12 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። ነገር ግን ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ያንን ኃይል መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ረጋ ብሎ ለሚነዳ ሰው ውጤቱ የሚያስደስት ነው፤ ዋሻው ላይ ያየኸውን መቶኛ ሮቢት ላይ ሳይቀንስ፣ ምናልባትም ጨምሮ ታገኘዋለህ። ፍሬኑም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይደርሳል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለቱን የጀመረ መኪና ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል፤ በጣም የቀዘቀዘ ባትሪም እንዲሁ ይግደረደራል። ያኔ 2,350 ኪሎው በሙሉ ተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስትደርስ ባትሪው ውስጥ ባዶ ቦታ እንዲኖር አድርገህ ቻርጅ አድርግ።

መመለሻው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከሮቢት እስከ ዋሻው ለከፍታው ብቻ ያው 12 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ለመንገዱ የሚበላውን ስትጨምርበት ወደ 21 ይጠጋል። ባትሪው 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚይዝ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ሩቡ አለቀ ማለት ነው። በዚያው ኃይል ሜዳ ላይ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ በሄደ ነበር። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሮቢት ላይ ሳትሞላ ለመመለስ ብታስብ ይህን ሂሳብ ቀድመህ ሥራ።

ሻጩ የሚነግርህን የርቀት ቁጥርም በየትኛው መለኪያ እንደተለካ ጠይቀው። ያው ባለ 82.5 ባትሪ፣ በኋላ ጎማ የሚነዳው ቢዋይዲ በቻይና መለኪያ 700 ኪሎ ሜትር ሲባል በአውሮፓው 570 ነው። መኪናው አልተለወጠም። አንዱን በቻይና ቁጥር ሌላውን በአውሮፓ ቁጥር ይዞ ማወዳደር ግን ኩንታልን በቁና እንደ መስፈር ነው። እኔ ከአውሮፓውም ላይ ለዳገቱ ብዬ ቀንሼ ነው የማስበው። መሰኪያውንም እይ፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ቀዳዳ ለአውሮፓ ከተሠራው ጋር አይገጥምም፤ አንዱን ያለማስማሚያ ሌላው ላይ መሰካት አይቻልም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፤ ቤትህ ግን ምን አለህ? 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ማስሞያ ግድግዳህ ላይ ካለ ባዶው ባትሪ በ12 ሰዓት ይሞላል። ተራ ሶኬት ከሆነ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ መብራቱ ካልጠፋ።

ከመሬት ስላለው ከፍታ ብዙ አልልም፤ ስንዝርህ ይበቃሃል። ከአራቱ አንዱም አንድ ስንዝር አይሞላም። ጀርመኖቹ ከ13 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ቢዋይዲው 12 ነው። ቤንዚኑ መኪና ሆዱን ሲመታ የዘይት መያዣው ወይም ማርሚታው ይጎዳል። የኤሌክትሪኩ ሆድ ግን ባትሪው ራሱ ነው። ክረምት ላይ ከገደሉ ናዳ በሚወርድበት መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ጎማው ላይ ግን ልቆይ። ጎኑ ላይ 225/50 አር17 የሚል ጎማ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ላስቲክ አለው። 225/40 አር19 ከሆነ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፎቶ ላይ የሚያምረው ሁለተኛው ነው፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ቸርኬው የሚሰነጠቀውም ሁለተኛው ነው። ብዙ ቢኤምደብሊው ነፍሱ ወጥቶም የሚሄድ ጎማ ተገጥሞለት ስለሚመጣ ፖርታ ባጋሊው ውስጥ ትርፍ ጎማ የለውም። ያ ጎማ ነፍስ ሳይኖረው ሊወስድህ የሚችለው በተወሰነ ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎኑ ከተቀደደ ግን እዚያው ቆመሃል። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ጎሚስታ ያን መጠን ሁልጊዜ አያስቀምጥም። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ትንሹን ቸርኬ ምረጥ፤ የምትጨክንበት ውበት ቢኖር ይህ ይሁን። የጎማውን ዕድሜም አንብብ፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች 2319 ካሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ቆዳው፣ ስክሪኑ፣ የድምፁ ጥራት፤ እነዚህን አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ ትመርጣለህ። ከቅንጦቱ መካከል እኔ የምከራከርለት አንድ ነገር ነው፤ የኋላ የጉም መብራት። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከኋላህ ያለው የጭነት መኪና የሚያይህ በእሱ ነው። መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን አረጋግጥ።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ካልተባለ ንጽጽሩ ጎዶሎ ይሆናል። የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ የምትገዛው ቢኤምደብሊው ወይም ሌክሰስ አገር ውስጥ የቆየ፣ የሰው እጅ ያለፈበት መኪና ነው። ንጽጽሩም ከሞዴል ወደ ግለሰብ ይወርዳል። «ሲ 200 ይሻላል ወይስ 320አይ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ይህ ሲ 200 ይሻላል ወይስ ያ 320አይ?» ሆኗል። በጥሩ ጋራዥ በሰዓቱ ዘይት የተቀየረለት ደካማ ሞዴል፣ ታሪኩ ከማይታወቅ ጠንካራ ሞዴል ይበልጣል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር በአኃዝ በአኃዝ አስተያይ። ዲስኩን በእጅህ ዳስስ፤ ጠርዙ ላይ እንደ ምጣድ ከንፈር ከፍ ያለ ነገር ካለ ተበልቷል፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካየህ አንድ ቀን ከልክ በላይ ግሏል። የነዳጅ መክፈቻውን ከፍተህ የተለጠፈውን የኦክታን ቁጥር አንብብና የምትቀዳው ቤንዚን ይመጥነው እንደሆነ መካኒክህን ጠይቅ።

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነው። በወር አንዴ እናቱን ለማየት የሚወርድ ከሆነ፣ ታሪኩ የሚታወቅ፣ ተርቦ ያለው፣ 17 ቁጥር ቸርኬ ላይ የቆመ ጀርመን ይውሰድ። ቤቱ የራሱ ማስሞያ ካለውና የሚወርደው በዓመት ሁለት ሦስቴ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩን። እሱ ግን በቃሌ አልረካም፤ ደስም አለኝ። ሻጮቹ ከፈቀዱ ሊሞክራቸው ተስማማን፤ እስከ ይፋት ካልፈቀዱ እንጦጦ ወጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድም ብዙ ነገር ያሳያል።

ሙከራው እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን ስትነሳ የሞተሩን ሙቀት ወይም የባትሪውን መቶኛ ወረቀት ላይ ጻፍ። ዋሻው አፍ ላይ ቁም፤ ሬዲዮውን አጥፋ። ማርሹን በእጅ ቀንሰህ ውረድ፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ኃይል መላሹን ጠንካራው ደረጃ ላይ አድርግ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ፔዳሉ እግርህ ሥር ከላይኛው ቦታ ላይ መያዙን አስተውል። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ስትቆም ከመኪናው ወርደህ አራቱንም ጎማ ዙር፤ ቸርኬውን አትንካው፣ መዳፍህን አንድ ስንዝር አርቀህ ሙቀቱን መዝነው። ሦስቱ ተመሳስለው አንዱ ከጋለ ያ ፍሬን ይዟል። ሽታም ካለ ያኔ ነው የሚታወቅህ። ሮቢት ደርሰህ ምሳ ብላ፤ ጥላ አትፈልግለት፣ ፀሐይ ላይ ይቁም። ከዚያ በስምንት ሰዓት ሙቀት፣ አራት ሰው ጭነህ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተህ ወደ ዋሻው ተመለስ፤ ዓይንህንም ከሙቀቱ መርፌ ላይ አታንሳ።